ከእንጦጦ ቁልቁል፤ የጉለሌ ባለእጆች

ጉለሌን ማየት የፈለገ ከላይ ይጀምር። ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥረውና ግራ ቀኙን ሳያስተውል ያልፋል። ከእንጦጦ ማርያም ደጃፍ የሚወርድ ግን ከተማዋ ራሷ የወረደችበትን አቅጣጫ ይከተላል። አጤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ያኔ አዲስ አበባ ፍልውሃ አጠገብ ከተቆረቆረች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ግቢውም፣ ሠራዊቱም፣ ገበያውም ቁልቁል ሄደ፤ ተራራው ላይ ታቦቶቹና ብርዱ ቀሩ። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ምድሩ የጉለሌ ኦሮሞዎች ነበር። ክፍለ ከተማው ዛሬም የሚጠራው በእነሱ ስም ነው። የከብቶቻቸው መስክ የሰው ሰፈር ሲሆን ቀያቸውን የለቀቁትን ሰዎች ሳያነሱ ስለ ጉለሌ የድሮ ኑሮ ማውራት ታሪኩን ከመሃል መጀመር ነው።

እኔ የመጣሁት ግን ስለ ነገሥታት ለመጻፍ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በዚህ ቁልቁለት ላይ ሰው በምን የእጅ ሙያ ይተዳደር እንደነበር ማወቅ ፈልጌ ነው። ለዚህ የገፋፋኝ አንድ የእንግሊዝ መጽሐፍ ነው። ጆርጅ ስተርት የተባለ ሰው በደቡብ እንግሊዝ፣ ፋርናም በምትባል ከተማ፣ ከአባቱ የወረሰውን የጋሪ ጎማ መሥሪያ ቤት ታሪክ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1923 አሳተመ። መጽሐፉ ውስጥ ጀግና የለም፤ ጦርነትም የለም። እንጨቱ ከምን ዓይነት ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ ተሰንጥቆ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፣ ብረቱ ግሎ በጎማው ዙሪያ እንዴት እንደሚጠመጠም፣ ሠራተኞቹ ጠባያቸውና እልሃቸው ምን እንደነበር ይተርካል። ስተርት የጻፈው ሙያው ዓይኑ እያየ ሲሞት ነው። አውቶሞቢሉ መጥቶ ነበር።

የእንግሊዝ የገጠር ሰበካዎች ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግቡ የታዘዙት እ.ኤ.አ. በ1538 ነው። ከ1813 ጀምሮ ደግሞ ልጅ ክርስትና ሲነሣ የአባቱ ሥራ ምን እንደሆነ የሚሞላበት ቦታ በመዝገቡ ላይ ታትሞ ቀረበ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው ተነስቶ «በዚህች መንደር ከመቶ ዓመት በፊት አንጥረኛው ማን ነበር? ዳቦ ጋጋሪው፣ ኮርቻ ሰፊው፣ ወፍጮ ፈጪውስ?» ቢል መዝገብ ገልጦ በስማቸው ያገኛቸዋል። በእነዚያ ሰዎች እቀናለሁ። ሀብታም አልነበሩም፤ ብዙዎቹ የሰው ጭሰኛ ነበሩ። ስማቸው ግን ከሥራቸው ጋር ተጽፏል።

በዚያው ዘመን እኛም ዘንድ ቀለም አልጠፋም ነበር። በ1916 ዓ.ም. የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ታተመ፤ ደራሲው ካረፉ ዓመታት አልፈው ነበር። አገር ጥሬ ዕቃዋን እየሸጠች የተሠራ ዕቃ ከውጭ የምትገዛ ከሆነ ንግዱ ራሱ እንደሚያደኸያት በዚያ መጽሐፍ አስረድተዋል። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ ያን ዓመት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በሩን ከፈተ። ከእንጦጦ ግርጌ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትጠፈጥፈውን፣ ማረሻ የሚቀጠቅጠውን ሰው በስሙ ከነሙያው የሚያሰፍር መዝገብ ግን አልነበረንም። እዚህ ሰፈር ያሉትን ሙያዎች የሚያውቅ ሙያተኛው ብቻ ነው። ደግነቱ ሙያተኛው አልሞተም። የስተርት ጋሪ ጎማ መሥሪያ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ግን ዛሬም ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ይረግጣል።

ቁልቁለቱ የሚጀምረው በባሕር ዛፍ ነው። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ባይገባ ኖሮ አዲስ አበባ እዚህ ቦታ ላይ መቆየቷ ያጠራጥር ነበር። አገር በቀሉ ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ አልቆ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፉ በጥቂት ዓመት ደርሶ ከተማዋን አስቀራት። ከዚያ ጊዜ አንስቶ ለዘመናት የከተማዋን ምድጃ ያነደዱት ከዚህ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው በጀርባቸው የሚያወርዱ ሴቶች ናቸው። ሸክሙ ከሠላሳ ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ገመዱ ደረት ላይ ይታሰራል፤ ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ፣ እየሮጡ ይወርዳሉ። የሚሮጡት ቸኩለው አይደለም። ቁልቁለት ላይ ያን ያህል ሸክም ይዞ ቀስ ማለት ጉልበት ስለሚጨርስ ነው።

የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተራራው ሌላ እንግዳ ይቀበላል፤ ጫማው ነጭ፣ ስልኩ በእጁ። መዝናኛው መልካም ነገር ነው፤ ልጆች ሲቦርቁ አይቼ ደስ ብሎኛል። ሆኖም በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ ከተማዋን በጀርባቸው ላበሰሉ ሴቶች አንድ ማስታወሻ ቢቆምላቸው እወዳለሁ። ስለ ከተማዋ አመሠራረት ሲወራ የማይጠሩ ሰዎች ቢኖሩ እነሱ ናቸው።

ሽሮ ሜዳ ስደርስ ነጭ ቀለም ዓይኔን ሞላው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ ተሰቅሏል። ለሠርግ የሚገዛ፣ ለክርስትና የሚገዛ፣ ከአሜሪካ መጥቶ በሻንጣ ሙሉ የሚገዛ፣ ሁሉም የሚመጣው እዚህ ነው። እኔ ግን ከሱቆቹ ጀርባ ገባሁ። ሸማው የሚሠራው መንገድ ላይ አይደለም፤ በጭቃ ቤት ውስጥ፣ በጨለማ ጓዳ፣ አንዳንዴም አራት ሸማኔ በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ።

ሽመናውን እዚህ ያመጡት አብዛኞቹ የጋሞ ሰዎች ናቸው። ከጨንቻ፣ ከዶርዜ፣ ከዶኮና ከሌሎችም ደጋዎች ወደ ሸዋ ያመጣቸው መንገድ የተከፈተው ደቡቡ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ ነው። እህል ከሚያበቅለው ጠባብ የተራራ መሬት ይልቅ እጃቸው የሚያውቀው ሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ገበያ አገኘ። አዲስ አበቤው «ዶርዜ» ብሎ በጅምላ ይጠራቸዋል። ዶርዜ ከጋሞ ምድር አንዱ ብቻ መሆኑን ግን ያነጋገርኳቸው ሁሉ ቶሎ ብለው ያስረዳሉ።

ገብቼ የተቀመጥኩበት ቤት ባለቤት ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «አባባ፣ ሥራዎትን ላስፈታዎት ነው» ስላቸው፣ «ተቀመጥ ልጄ፣ እጄ ነው የሚሠራው፣ አፌ አይደለም» አሉኝ። ከጉድጓዱ ጠርዝ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ከታች መርገጫውን ይረግጣል፤ ድሩ ከፊታቸው እስከ ግድግዳው ድረስ ተወጥሯል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ አጭር ነው፤ ወዲያው መምቻው ማጉን ጠቅጥቆ ይመለሳል። አንዲት የድር ክር ተበጠሰች። ሥራቸውን አቁመው ሁለት ጣታቸውን ምራቃቸውን አስነክተው ጫፎቹን አገናኝተው አሹት። ቋጠሮ የለም። ጎንበስ ብዬ ፈለግኩት፤ የተበጠሰበት ቦታ የቱ እንደነበር መለየት አቃተኝ።

ጥለቱ ጋ ሲደርሱ ግን ፍጥነቱ ሁሉ ቀረ። ባለ ቀለሙን ክር በጣታቸው እየለዩ፣ ከድሩ ጥቂት ክሮች እያነሱ፣ ጥቂት እየዘለሉ ያስገቡታል። የተሳለ ንድፍ ፊታቸው የለም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ለካ እየቆጠሩ ኖሯል፤ በአማርኛ ሳይሆን በጋሞኛ። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸውን የኖሩ ሰው ክር ሲቆጥሩ ወደ ልጅነት ቋንቋቸው ይመለሳሉ፤ እጃቸው ሙያውን የተማረው በዚያ ቋንቋ ነውና። «ንድፉ የት ነው ያለው?» ስላቸው ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። ዛሬ ዛሬ ደንበኛው በስልኩ የዘፋኝ ወይም የተዋናይት ቀሚስ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ፎቶውን አንድ ጊዜ አይተው ወደ ቁጥር ይለውጡታል። ይህን ዓይነቱን እውቀት ሌላ ቦታ ብናገኘው ሒሳብ ብለን እናከብረው ነበር።

ድሮ የሸማ ሥራ የቤት ሁሉ ሥራ ነበር። ሴቶች ጥጡን ይዳምጣሉ፣ በደጋን ይነድፋሉ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዱ ይሸምናል። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው አቡጀዲና የፋብሪካ ክር በብዛት ይደርስ ጀመር። ገብረ ሕይወት የጻፉት ይህን ዓይነቱን ነገር እያዩ ነው። አቡጀዲው ለዘወትር ልብስ ሸማውን ተጫነው፤ የፋብሪካው ክር ግን ለሸማኔው ድር ሆነለት። ሽመና በከተማ የተረፈበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ፈታይዋ ሴት ጥቂት ተጎድታ ሸማኔው እጁን አፈጠነ። ሌላው ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ነው። ነጠላ ሳይለብስ ለቅዳሴ የሚሄድ፣ ጋቢ ሳይደርብ ለቅሶ የሚቀመጥ በአገራችን አይወደድም፤ ስለዚህ በየአጥቢያው ሸማ ፈላጊ አልጠፋም። ነጠላው ሁለት ንብር ነው፣ ጋቢው አራት። ዛሬ በድርና ማግ ላይ ሳባው፣ መነኑ ተጨምሮበታል።

አሁን ሽማግሌውን የሚያሳስባቸው አቡጀዲ አይደለም። ከቻይና በማሽን ታትሞ የሚመጣ ጥለት ነው። ከሩቅ ሲታይ የእሳቸውን ሥራ ይመስላል፤ ዋጋው ግን አይገናኝም። በዚያ ላይ ክሩን ከነጋዴ በዱቤ ያነሣሉ፤ ሸማውን መልሰው ለዚያው ነጋዴ ወይም ለመሰሉ ይሰጣሉ። ቀሚሱ መስታወት ቤት ውስጥ ተሰቅሎ የሚጠራበትን ዋጋ ስነግራቸው ሥራቸውን አቆሙ። «እንዲህ ተባለ?» አሉ፤ ከዚያ መወርወሪያውን አነሡ። እንዲህ ባለ ዋጋ የሚሸጠውን ልብስ የሠራው ሰው የሚከራየው ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል መሆኑን ያየ ሰው ስለ ባህል ልብስ ኩራት ሲናገር ድምፁን ዝቅ ማድረግ አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከጋሞ ደጋዎች ትምህርት ትማራላችሁ እየተባሉ የመጡ ሕፃናት እዚህ ሰፈር ጓዳ ውስጥ ቀን ከሌት ሲያዳውሩና ሲሸምኑ ኖረዋል። አጥኚዎች ጽፈውታል፤ ሰፈሩም ያውቀዋል። ሙያ ከልጅነት ይጀመራል፤ የእንግሊዙም ጎማ ሠሪ ጀማሪውን ልጅ አድርጎ ይቀበለው ነበር። ነገር ግን በውል የገባ ተለማማጅና ወላጆቹ የማያዩት፣ ደሞዝ የሌለው ሕፃን አንድ አይደሉም። ሙያውን የምወደው ያንን ሸፍኜ አይደለም።

በመስከረም ሽሮ ሜዳ ጸጥ ይላል፤ ሸማኔው መስቀልን ከዘመዶቹ ጋር ለማክበር ወደ ጋሞ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ግን ዝምታው የበዓል አልነበረም። በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት መካከል ጋሞዎች፣ ብዙዎቹም ሸማኔዎች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩባቸው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ እንደ ታላቅ ጀብዱ አላወሩትም። «ሣር ከተያዘ አይታለፍም፤ ሕጋችን ነው» አሉ።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ምዕራብ ሲያቋርጡ ወንዙን ተሻግሮ ቀጨኔ ነው። እዚህ ሙያው የሴቶች ነው፤ ሸክላ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ብዙዎቹ ትውልዳቸው ከሰሜን ሸዋ ነው፤ ከመካከላቸው የቤተ እስራኤል ዘር ነን የሚሉ አሉ። አያቶቻቸው የግቢውን ሥራ እንዲሠሩ በምኒልክ ዘመን እንደመጡ ይተረካል። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የከተማዋ ጋን፣ እንስራ፣ ድስት፣ ምጣድና ጀበና ከእነዚህ እጆች ወጣ።

አንዲት እናት ጀበና ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የሚሽከረከር ነገር የለም፤ የሚዞሩት እሳቸው ናቸው፣ ጎንበስ ብለው በጭቃው ዙሪያ። ሆዱ መጀመሪያ ይወጣል፤ ትንሽ ጠንከር ሲል አንገቱ ይቀጠላል፤ ከዚያ ጡቱ፣ በመጨረሻ እጀታው። መገጣጠሚያው ላይ በእርጥብ ጣታቸው ደጋግመው ያልፋሉ፤ እዚያ ቦታ አየር ከቀረ እሳት ላይ ይፈነዳል። ሲደርቅ በለስላሳ ጠጠር እስኪያብረቀርቅ ይፈትጉታል። ማቃጠያው ሜዳ ላይ ነው፤ ሸክላው ተከምሮ በእንጨት፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸፈናል። ያ ጥቁረቱ የሚመጣው ከቀለም አይደለም፤ ከጭሱ ነው። ሲወጣ በጣታቸው ጥፍር ይመቱታል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይደነቁራል። ያንን ወደ ጎን ያስቀምጡታል። የስንት ቀን ድካም ነው፤ ቃል አይናገሩም።

ብረት ድስቱና ፕላስቲክ ጀሪካኑ እንስራውንና ገንቦውን ገፍተዋቸዋል። ብዙ ሰው ግን የማያስተውለው ነገር አለ። ኤሌክትሪክ ምጣድ የምንለው ዕቃ እንጀራው የሚያርፍበት ገጹ ሸክላ ነው፤ ሽቦው የተቀበረው በእጅ በተሠራ ሸክላ ውስጥ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሶኬት ተሰክቶ የሚጋገረው እንጀራ ዛሬም ሸክላ ሠሪ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ የሚሠሩ ሰዎች ለትውልዶች የተከፈሉት ስድብ ነው። ቡዳ ናቸው ተባሉ፤ ዓይናቸው ይበላል ተባሉ፤ ልጃቸውን የሚያገባ ጠፋ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ጸሐፊውንና ገበሬውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል ብለው ነበር። አዋጁን አክብሬ አነበዋለሁ። ንጉሥ እስኪቆጣ ድረስ ስድቡ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ይመሰክራል። በዚያ ዘመን ስለ ባለእጅ የተጻፈ ነገር ሲፈለግ ከሚገኘው ጥቂቱ ይኸው ነው፤ ስሙ የለም፣ የሥራው ብልሃት የለም፣ መሰደቡ አለ። ሸክላ ሠሪዋን ስለዚህ ነገር ጠየቅኳቸው። «ድሮ በአደባባይ ነበር፤ አሁን በጆሮ ነው» አሉኝ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሰፈሯን ሲጠይቋት «ጉለሌ» ትላለች፤ ቀጨኔን አትጠራም።

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ጥቂት ወረድ ሲሉ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ የሙያተኛው ዕቃ ተጠብቆ ይታይበታል። ዕቃውን መጠበቅ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው በዚያው ጎዳና ሽቅብ፣ በእግር መንገድ ላይ፣ በሕይወት ተቀምጧል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ሲያጣ አንድ ሸማኔ ቤት ገብቶ የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም፣ የእያንዳንዱን ጥለት ቁጥር በአማርኛም በጋሞኛም ቢጽፍ፣ ስተርት ለፋርናም የሠራውን ለጉለሌ ሠራ ማለት ነው። የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤም የምእመናኑን ስም ሲመዘግብ «ሥራ» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨምር ወጪው ቀለም ብቻ ነው። ባለእጁም ስሙ ከነሙያው በአጥቢያው መዝገብ ሲሰፍር ልጁ ሰፈሩን ለመጥራት ያን ያህል አያፍርም።

በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ሸማኔ ተመልሼ ሙያውን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኳቸው። አጎታቸው ናቸው። አጎታቸውንስ? የአጎታቸው ጎረቤት የነበረ የጨንቻ ሰው። እሱንስ? ቀና ብለው ትንሽ አሰቡና ከነአባት ስም፣ ከነመንደር፣ ከየትኛው የጌታ ግቢ ይሸምን እንደነበር ጭምር ነገሩኝ። ስቆጥረው ከዘውዲቱ ዘመን ደርሷል። የጎን ቅርንጫፎቹንም ጨመሩ፤ ማን ከማን ተማረ፣ ማን መርካቶ ወረደ፣ ማን ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ማን ጥለት ላይ ብቻ ይሠራ ነበር። አንዱን ስም አሳስቼ ስጽፍ ጓዳ ውስጥ የሚሸምነው ልጃቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ አረመኝ። ደብተሬ ሲሞላ ሽማግሌው አይተው፣ «የዶኮዎቹን አልነገርኩህም። ሌላ ደብተር ይዘህ ቅዳሜ ጠዋት ና፤ ሸማ ሸጠን ስንመለስ እነሱም ይኖራሉ» አሉኝ።